ከሰው ጋር ልሥራ ወይስ ለብቻዬ? ከሐዋሳ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ 36 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ነው። ስፖርት ብቻዬን እጀምራለሁ፣ ሦስት ሳምንት እሠራና አቆማለሁ፤ እንዲህ ስል ሁለት ዓመት አለፈኝ። ቤት ውስጥ ባለ 5 ኪሎ ሁለት ዱምቤል አለኝ። አሁን የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጠዋት ጠዋት ሐይቅ ዳር የሚሠራ ቡድን ውስጥ ግቢ ይሉኛል። ሃያ ያህል ናቸው፣ አሰልጣኝ አላቸው፣ በየወሩ ይከፈላል፤ አብዛኞቹ ከእኔ ይፈጥናሉ። ግራ ጉልበቴን ደግሞ ቁልቁለት ስወርድ ያመኛል። ወደ ኋላ ቀርቼ መሳቂያ እንዳልሆን ፈራሁ። ብቻውን የሚሠራ ሰው ስለማይዘናጋ ቶሎ ይለወጣል የሚሉኝም አሉ። የቱ ይሻለኛል?

ምላሽ፦

ቡድኑ ውስጥ ይግቡ፤ ግን ከእነሱ ጋር በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይሥሩና ሦስተኛውን ቀን ለብቻዎ ያድርጉት። እንዲህ የምልዎት ጥያቄዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ስላሉ ነው። ሦስት ሳምንት ሠርቶ ማቆም የመቅረት ችግር ነው፤ ለዚህ ቡድንን የሚያህል የለም። ጉልበትዎ ደግሞ የመጠን ችግር ነው፤ መጠን ላይ ቡድን ብዙ ጊዜ ይስታል፤ ሃያ ሰው አንድ ላይ ሲሠራ ልኩን የሚወስነው ከፊት ያለው ሰው ነውና።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ መቆምዎን እንደ ስንፍና አይቁጠሩት። በዚያን ጊዜ የመጀመሪያው ጉጉት አልቋል፣ የጡንቻው ሕመም ገና አልለቀቀም፣ ለውጡም አይታይም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥንካሬ ቢጨምርም ጭማሪው በአብዛኛው ነርቮች ጡንቻን ማዘዝ ስለሚለምዱ የሚመጣ ነው፤ መስታወት ላይ የሚታይ ነገር ለማግኘት ሁለት ወር ያህል መታገስ ይጠይቃል። ይህን ምንም የማይታይበትን ጊዜ ለብቻ መሻገር ይከብዳል። ንጋት ላይ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆነው የሚከራከሩት ከራስዎ ጋር ነውና አብዛኛውን ጊዜ «ዛሬስ ልተኛ» የሚለው ይረታል። ሁለት ባልደረቦች መንገድ ላይ ቆመው የሚጠብቁዎት ከሆነ ግን ክርክሩ ራሱ አይነሳም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰው ስለተሰበሰበ ብቻ ቡድን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ትንታኔ አራት ዓይነት አሠራሮችን አነጻጽሮ ነበር፦ አባላቱ እንዲቀራረቡ ሆን ተብሎ የተሠራበት ቡድን፣ ተራ የስፖርት ክፍል፣ ቤት ሆኖ እየሠሩ አልፎ አልፎ የሚደውል ሰው ያለበት አሠራር፣ እና ማንም ሳይከታተል ቤት ውስጥ ለብቻ መሥራት። አንደኛው ከሁሉ በለጠ፣ የመጨረሻው ከሁሉ አነሰ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። የሚገርመው መሐሉ ነው። ተራ የስፖርት ክፍል ገብቶ የሚሠራው ሰው፣ ቤቱ ሆኖ ከሚደወልለት ሰው የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ከአርባ ሰው ጋር አንድ አዳራሽ ውስጥ መዝለል ብቻውን ያን ያህል አያስገኝም ማለት ነው፤ ሥራውን የሚሠራው መቅረትዎን የሚያውቅ ሰው መኖሩ ነው።

እሁድ ጠዋት መንገድ ተዘግቶ የሚሠራው ማስ ስፖርት በዚህ ሚዛን ሲታይ ለመነሻ ያህል ጥሩ ነው፤ ያዝናናል፣ ነፃም ነው። ባይሄዱ ግን ማንም ልብ አይልም። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ባልደረቦችዎን ይህን ይጠይቋቸው፦ አንድ ሰው ሁለት ቀን ቢቀር ማን ይደውላል? መልሱ «አሰልጣኙ በስም ይጠራል» ወይም «እኛው እንደዋወላለን» ከሆነ ይግቡ። «ቴሌግራም ግሩፕ አለን» ብቻ ከሆነ መልስ አይደለም፤ ከባልደረቦችዎ ሁለቱን ይዘው የራስዎን ትንሽ ቡድን እዚያው ትልቁ ውስጥ ይመሥርቱ። ሦስት ሰው ከበቂ በላይ ነው። አሠራሩ እንደ እቁብ ይሁን፦ ቀኑ የተቆረጠ፣ ስም የሚይዝ ሰው ያለ፣ የቀረ የሚጠየቅ።

ቅጣቱን ግን ከእቁብ አይውሰዱ። «የቀረ 50 ብር ይከፍላል» የሚል ደንብ ብዙ ቡድን ያወጣል፣ ብዙ ጊዜም ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ፣ በእስራኤሏ ሃይፋ ከተማ በሕፃናት መዋያዎች የተደረገ ታዋቂ ጥናት አለ። ልጆቻቸውን ለመውሰድ በሚዘገዩ ወላጆች ላይ ትንሽ ቅጣት ሲጣል መዘግየቱ ጨመረ፤ ቅጣቱ ሲነሳም ወደ ነበረበት አልተመለሰም። ቀድሞ መዘግየት ያሳፍር ነበር፤ ብር ሲተመንለት የሚገዛ አገልግሎት ሆነ። በስፖርትም ያው ነው። ሰው 50 ብሩን በሞባይል ልኮ ተመልሶ ይተኛል። «ምነው ቀረሽ? ቆመን ጠብቀንሽ ነበር» የምትል አጭር ስልክ ከቅጣቱ ይልቅ ትሠራለች።

ወደ ሥጋትዎ ልመለስ። ከእርስዎ የሚፈጥኑ ሰዎች መኖራቸው ጉዳት ብቻ አይደለም። ጀርመናዊው ኦቶ ኮለር በ1920ዎቹ በርሊን ከሚገኝ የቀዘፋ ክለብ አባላት ጋር ባደረገው ሙከራ፣ ደካማው ሰው ክብደት ይዞ ብቻውን ከሚቆየው ይልቅ ከሚበልጠው ሰው ጋር ተጣምሮ፣ «አንተ ካቆምክ ሁለታችሁም ታቆማላችሁ» ሲባል ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆይ አይቷል። ቁም ነገሩ ልዩነቱ ላይ ነው፦ ጥንዱ መጠነኛ ልዩነት ሲኖረው ውጤቱ ይጎላል፣ በጣም ሲራራቅ ይጠፋል። ሊደረስበት ከማይችል ሰው ጋር የተጣመረ ሰው ገና ሳይጀምር ተስፋ ይቆርጣል። ስለዚህ ከሃያዎቹ መካከል ፈጣኑን አይከተሉ፤ ከእርስዎ ጥቂት የሚሻለውን ሰው ይፈልጉና አጠገቡ ይቁሙ። በሶምሶማ ከእርስዎ በኪሎ ሜትር ግማሽ ደቂቃ የሚፈጥን ሰው ጥሩ ጥንድ ነው። ሁለት ደቂቃ የሚፈጥን ከሆነ ሰላምታ ይበቃዋል።

በተቃራኒው ደግሞ ሰው ሲበዛ እያንዳንዱ ይለግማል። ፈረንሳዊው የግብርና መሐንዲስ ማክሲሚልያን ሪንግልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ሥራ፣ ገመድ የሚጎትቱት ሰዎች ቁጥር ሲጨምር የእያንዳንዱ ድርሻ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሃያ ሰው ፕላንክ (በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) ሲይዝ ከኋላ ያሉት ወገባቸውን ጥለው ስልክ የሚያዩት በዚህ ምክንያት ነው፤ የማንም ጥረት ለብቻው አይታይማ። መፍትሔው ሃያውን ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ባለው ክብ መክፈል ነው። በክብ ሲቆሙ ሁሉም ሁሉንም ያያል።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ 12 ቀዛፊዎችን ለ45 ደቂቃ አንድ ጊዜ በቡድን ሌላ ጊዜ ለየብቻ በመለማመጃ መሣሪያ ላይ አስቀዘፈ። ለቀዘፋው ያወጡት ኃይል ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ፣ አብረው ሲቀዝፉ ሕመም የመቋቋም አቅማቸው ይበልጥ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህ ለሚደክመው ቀን ጥሩ ዜና ነው። ለጉልበትዎ ግን ጥሩ ዜና አይደለም፤ ብቻዎን ቢሆኑ የሚያቆምዎት ሕመም ከሰው ጋር ሲሆኑ ላይሰማዎት ይችላልና። ጠዋት ምንም ሳይሉ የሮጡ ሰዎች ማታ ደረጃ ሲወርዱ የሚያነክሱት ለዚህ ነው።

እንግዲህ አሠራሩ። ሐዋሳ ለዚህ ምቹ ከተማ ናት፤ ከፍታዋ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፣ ሜዳ ናት፣ በሐይቁ ዳር ባለው ግድብ ላይ ያለው የእግር መንገድ ደግሞ ቀጥ ያለና ቁልቁለት የሌለው ነው። ፈጣንና ዘገምተኛ አብሮ የሚሠራበት ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ይኸውና፦ ርቀት ሳይሆን ደቂቃ ይቆረጣል። ሁሉም ከአንድ ቦታ ይነሳል፣ 15 ደቂቃ በየአቅሙ ይሄዳል፣ 15 ሲሞላ ባለበት ዞሮ ይመለሳል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው 2.5 ኪሎ ሜትር ርቆ ይዞራል፤ እርስዎ ሶምሶማና እርምጃ እያፈራረቁ በአማካይ 6.5 ከሄዱ 1.6 ኪሎ ሜትር ላይ ይዞራሉ። በዚያች ቅጽበት ከፈጣኑ 900 ሜትር ያህል ቀድመዋል። ወደ መነሻው ሲቃረቡ ፈጣኖቹ ከኋላ እየመጡ ነው፤ ሁሉም እኩል ፍጥነቱን ከጠበቀ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይደርሳል። ወደ ኋላ የቀረ ሰው አይኖርም፣ ቆሞ የሚጠብቅና ሰውነቱ የሚቀዘቅዝም አይኖርም። አሰልጣኙ በፊሽካ ላዙር ካለ ግን አይሰማም፤ ከመነሳታችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ ስልካችሁ ላይ የ15 ደቂቃ ማንቂያ ሙሉ።

ይህን ዘዴ የሚያበላሸው አንድ ነገር ነው፦ ሲሄዱ መቻኮል። ከፊት ያሉት ሁለት ሰዎች ወሬ ያቆማሉ፣ ሦስተኛው እንዳይቀር ይጨምራል፣ መሐሉ ይሳባል፤ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሁሉም ሳያውቀው ከልኩ በላይ እየሮጠ ነው። ሲመለሱ ደግሞ ይራመዳሉ። መለኪያው ንግግር ነው። ሰባት ስምንት ቃል ያለው ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከቻሉ ልክ ነዎት፤ ሦስት ቃል ላይ ትንፋሽ ከቆረጠዎት ፈጥነዋል፤ መዝፈን ከቻሉ ጨምሩ ማለት ነው። አጠገብዎ ሰው ስላለ መፈተኑም ቀላል ነው። የልብ ምት የሚለካ ሰዓት ካለዎት፣ ከ208 ላይ የዕድሜን 0.7 እጥፍ ይቀንሱ፤ ለ36 ዓመት 183 ገደማ ይሆናል። መጠነኛ የሚባለው ከዚህ ከ64 እስከ 76 በመቶ ነው፣ ማለትም በደቂቃ ከ117 እስከ 139። ቀመሩ የብዙ ሰው አማካይ ስለሆነ ከንግግሩ ጋር ካልተስማማ ንግግሩን ይመኑ።

በዚያ 30 ደቂቃ ውስጥ እርስዎ የሚሠሩት እንዲህ ይሁን። የመጀመሪያውን 3 ደቂቃና የመጨረሻውን 3 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ። በመካከል ያለው 24 ደቂቃ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ጊዜ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት 2 በ2፣ ስድስት ጊዜ። በአምስተኛውና በስድስተኛው 3 ሶምሶማ በ1 እርምጃ፣ ስድስት ጊዜ። በሰባተኛውና በስምንተኛው 5 በ1፣ አራት ጊዜ። ጉልበትዎ ካጉረመረመ ያንኑ ሳምንት ይድገሙት፣ ወደ ፊት አይዝለሉ።

ጉልበቱን በተመለከተ የሚሠራበት ደንብ ይህ ነው። ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር ይመዝኑት። እስከ 3 ድረስ ሆኖ በማግሥቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ መቀጠል ይቻላል። ከዚያ ካለፈ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ካልረገበ፣ የሚቀጥለው ቀን ሶምሶማው ወጥቶ እርምጃ ብቻ ይሁን። ቡድኑ ወደ ታቦር ተራራ ወይም ወደ አላሙራ በሚወጣበት ቀን መውጣቱን ይውጡ፤ ሲወርዱ ግን ይራመዱ፣ አጭር አጭር እርምጃ እየረገጡ። ቁልቁለት ላይ የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነትን ያቆማል፤ የጉልበት ሎሚ የሚጫነውም በዚያን ጊዜ ነው።

ከሰው ጋር ሲሮጡ ብቻ የሚመጣ አንድ የጉልበት ጠላት አለ፣ ብዙ አሰልጣኝም አያየውም። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎች ሳያስቡት እግራቸው ይገጥማል። አጠገብዎ ያለው ሰው ረጅም ከሆነ፣ ከእሱ ጋር ለመግጠም እርምጃዎን ያስረዝማሉ፤ ተረከዝዎ ከሰውነትዎ በጣም ቀድሞ ያርፋል፣ ጉልበትዎ ቀጥ ብሎ ይመታል። ለብቻዎ ሲሮጡ ቀኝ እግርዎ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያርፍ ይቁጠሩና በ4 ያባዙት። 38 ከሆነ በደቂቃ 152 እርምጃ ነው። ፍጥነት ሳይጨምሩ ወደ 40 ከፍ ማድረግ፣ ማለትም 5 በመቶ ያህል መጨመር፣ ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና ይቀንሳል። ከዚያ በቡድን ውስጥ ሆነው እንደገና ይቁጠሩ። ቁጥሩ ወርዶ ካገኙት ጥንድ ይቀይሩ ወይም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይበሉ።

ከሩጫው በኋላ የሚመጣው የጥንካሬ ሥራ ነው ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ። አሰልጣኙ ፊት ይቆማል፣ «አንድ! ሁለት! ሦስት!» ይላል፣ ሃያ ሰው ቁጢጥ ብድግ ይላል። እስከ ስምንት ድረስ ያምራል። አሥር ላይ ተረከዝ ከመሬት መነሳት ይጀምራል። አሥራ ሁለት ላይ ከኋላ ረድፍ ያሉት ሰዎች ጉልበት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ደረት ወደ መሬት ይወድቃል፤ ድምፁ ግን ወደ ሃያ እየሄደ ነው፣ ማቆም ያሳፍራል። ጉልበት የሚጎዳው ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ ባሉት ነው፤ ጡንቻ ግን ከእነሱ ብዙም አይጠቀምም። አሰልጣኙን በትሕትና በቁጥር ፈንታ በሰዓት እንዲያሠራ ይጠይቁት፦ 40 ሰከንድ ሥራ፣ 20 ሰከንድ ዕረፍት፣ ሦስት ዙር። በ40 ሰከንዱ ውስጥ አንዱ 25 ይሠራል፣ ሌላው 10፤ ማንም ማንንም አይቆጥርም። ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴም ሦስት ደረጃ ይነገር። ፑሽ አፕ ለምሳሌ በግድግዳ፣ በጉልበት ተንበርክኮ፣ ሙሉ። አሰልጣኙ እምቢ ካለ እርስዎ በራስዎ ያቁሙ፤ ቁመናዎ ሲበላሽ ዙሩ አብቅቷል።

በዚህ ላይ የማያላግጡበት አደጋ አለ። ሰውነት ሳይለምድ «መቶ ስኳት (ቁጢጥ ብድግ) ውድድር» ዓይነት ነገር ውስጥ የገባ ሰው ጡንቻው ፈርሶ ይዘቱ ወደ ደም ሊገባና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ከባድ የመጀመሪያ ቀን፣ በተለይ ሰው እያጨበጨበ፣ ለዚህ የታወቀ ምክንያት ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ጭንዎ ከተለመደው ሕመም ያለፈ ካበጠና ሽንትዎ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ውኃ እየጠጡ አይጠብቁ፤ በዚያኑ ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂዱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሌላው ሦስት ዙር ሲሠራ እርስዎ አንድ ዙር ሠርተው ይቁሙ።

አሁን ብቻውን የሚሠራ ቶሎ ይለወጣል ስለሚሉት። ግማሹ እውነት ነው። አሜሪካዊው ኖርማን ትሪፕሌት እ.ኤ.አ. በ1898 ብስክሌተኞች ከሰው ጋር ሲጋልቡ ከብቸኛ ጉዟቸው እንደሚፈጥኑ ጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ በሌሎች ሥራዎች ላይ ሰው ሲያይ የሚባባስ ነገርም ስለተገኘ ነገሩ ግራ አጋብቶ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ሮበርት ዛዮንክ አስታረቀው፦ የሰው ዓይን በደንብ የለመድነውን ያሻሽላል፣ ገና የምንማረውን ያበላሻል። ሶምሶማ ለምደውታል፣ ስለዚህ ከሰው ጋር ይሻላል። ዱምቤል ይዞ ወገብን ቀጥ አድርጎ ማጎንበስ ግን አዲስ ነው፤ እሱን ሃያ ሰው ፊት አይማሩት። ክብደትን ቀስ በቀስ መጨመርም የብቻ ሥራ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ስንት እንዳነሱ የሚያውቀው የእርስዎ ደብተር እንጂ ቡድኑ አይደለም። ከዚያ በላይ ያለው አባባል ግን አያስኬድም። የአገራችን የረጅም ርቀት ሯጮች በቡድን ነው የሚሠሩት፤ ጫካ ውስጥ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ በመስመር፣ መሪነቱን እየተፈራረቁ። ብቸኝነት ፈጣን የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ከበቆጂ ያን ሁሉ ሜዳሊያ ባላየን። ልብ ይበሉ፣ እነሱም ቢሆኑ ቀላሉን ቀን በእውነት ቀላል ያደርጉታል። እኛ ጀማሪዎች የምንቀዳው ፍጥነታቸውን ነው፣ ይህን ትተን።

ስለዚህ ቅዳሜ ለብቻዎ ይሁን፣ ቤት ውስጥ፣ 40 ደቂቃ ያህል። ወንበር ላይ መቀመጥና መነሳት፣ ጉልበት ከሁለተኛው የእግር ጣት አቅጣጫ ሳይወጣ። ከዚያ ዱምቤል ወደ ወገብ መሳብ፣ በግድግዳ ወይም በጠረጴዛ ጠርዝ ፑሽ አፕ፣ ዱምቤል ይዞ ከዳሌ ማጎንበስና መቃናት፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ደረጃ ላይ ወጥቶ በ3 ሰከንድ ቀስ ብሎ መውረድ። ይህ የመጨረሻው ለቁልቁለት ሕመምዎ ዋናው ነው፤ ካመመዎት ከፍታውን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ያውርዱት እንጂ አይተዉት። ሁሉም ከ8 እስከ 12 ድግግሞሽ፣ ሁለት ዙር፣ በኋላ ሦስት። «ሁለት ልጨምር ብል እችል ነበር» የሚሉበት ላይ ያቁሙ። 12ቱ በሁለት ተከታታይ ሳምንት ከቀለለዎት ክብደት ይጨምሩ። 5 ኪሎው ለእግር ቶሎ ያንሳል፤ ጂም መሄድ ሳያስፈልግ ጀሪካን ይበቃል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ ባለ 10 ሊትሩን በግማሽ ሊትር እየሞሉ መሄድ ማንኛውም ዱምቤል የማይሰጥዎ ትንሽ ጭማሪ ነው። ክዳኑን አጥብቁት፣ ግማሽ የሆነ ውኃ ይዋልላልና እጀታውን በሁለት እጅ ይያዙ።

ቅዳሜ ሰው ስለሌለ የሚቀረው ይህ ቀን ነው። እዚህ ላይ ነው ያ የስልክ ነገር የሚመለሰው። ከሦስታችሁ አንዷ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ «ጨረስሽ?» ብላ ትደውል፤ ቡድኑ ሳይኖር የቡድኑ ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

የሳምንቱ ቀናት ምርጫም ቀላል ነገር አይደለም። ማክሰኞና ሐሙስ የምልዎ እሁድ ጠዋት ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ስለሚሆን ነው፤ እሁድን መደበኛ ቀን ያደረገ ቡድን በሁለት ወር ውስጥ ይሳሳል። በጾም ወቅት ጠዋት መሥራት አያስቸግርም፣ ከባዱን ክፍል ቀንሶ ውኃን ማታ ማካካስ ነው። ረመዳን ላይ የሚጾሙ አባላት ካሉ ለዚያ ወር ሰዓቱን ወደ ማፍጠሪያው ማስጠጋት ይሻላል። ወደ አመሻሽ ከተዛወራችሁ ግን ሐይቅ ዳር ትንኝ አለ፣ ሐዋሳም ወባ የማያጣት ከተማ ናትና ረጅም ሱሪና እጅጌ ይልበሱ። ጠዋት ደግሞ 12 ሰዓት ተኩል ሳይሆን መነሳት አይመከርም። ጨለማ ላይ ግድቡን ለቆ ወደ ሣሩ መውረድ ከጉማሬ ጋር ሊያገናኝ ይችላል፤ ውሻውም የሚደፍረው ብቸኛውን ሰው ነው። ለሴት ልጅ ይህ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው፤ ሌላው ጥቅም ሁሉ ቢቀር፣ ንጋት ላይ ከሰው ጋር መውጣት ከቤት አለመውጣትን ያሸንፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለአዋቂዎች ያወጣው መመሪያ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ይላል። የእርስዎ ሦስት ቀን 150ውን ለብቻው አይሞላም። ከሥራ ሲመለሱ ባጃጁን ሁለት ፌርማታ ቀድመው ወርደው በእግር ይጨርሱት፤ ይሞላል።

ብስክሌት የሚጋልብ ቡድን ውስጥ ግባ ለሚባሉ አንባቢዎች በአጭሩ፦ እዚያ የቡድን ጥቅም ሥነ ልቦና ብቻ አይደለም፣ ነፋስ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ላይ ከሰው ጀርባ መጋለብ የሚወጣውን ኃይል እስከ ሲሶ ያህል ያድናል። በሶምሶማ ፍጥነት ይህ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጀማሪ ግን ከፊተኛው ጎማ ቢያንስ አንድ ብስክሌት ርቀት ይራቅ።

የመጀመሪያው ቀን ላይ አሥር ደቂቃ ቀድመው ይድረሱና አሰልጣኙን ለብቻው ያናግሩት፦ «ግራ ጉልበቴን ቁልቁለት ላይ ያመኛል፣ ዝላይና በርፒ (ከቁጢጥ ወደ ፑሽ አፕ ወርዶ በዝላይ መነሳት) አልሠራም፣ ለሁለት ሳምንት አንድ ዙር ብቻ ነው የምሠራው።» ጥሩ አሰልጣኝ በዝላይ ፈንታ ምን እንደሚሠሩ ወዲያው ይነግርዎታል። «ይለምዳል፣ ዝም ብለሽ ሥሪ» ካለዎት ሌላ ቡድን ይፈልጉ። ክፍያውን ለአንድ ወር ብቻ ይክፈሉ፤ የሦስት ወር ቅናሽ ቢያቀርቡልዎትም። ጉልበቱ ካበጠ፣ ከተቆለፈ ወይም ቆመው ሳሉ ከከዳዎ ደግሞ ከቡድኑም ከብቻውም በፊት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይየው።